ወፍጮው ዝም እስኪል

ገሱባ
ነሐሴ 1992 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ለባለቤቴ እህት፤

ሳሮ ነሽ ወይ፣ ደኅና ነሽ ወይ እህቴ? የጌታ ሰላም ባለሽበት ቤት ይግባ። ጤናሽ እንዴት ነው? የአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ወባው፣ የተማሪው ጫጫታ እንዴት ይዞሻል? ያ ክፉ ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይስ አሁንም መጋረጃ ዘግተሽ ትተኛለሽ? አንቺ ጋ የምትማረው ልጄ ቤቴልስ እንዴት ነች? ቁመት ጨመረች? ፀጉሯን ማን ይሠራላታል? እኔ ይመስገነው ደኅና ነኝ። ዝናቡ ሲበረታ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፤ እሱ የድሮ ነው። ደብዳቤ ሲጻፍ «እኛ ሁላችን ደኅና ነን» ይባላል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁና «እኛ» የሚለውን ትቼ ሌላ ወረቀት አነሳሁ።

በአፋችን፣ በወላይትኛ ባወራሽ ይቀለኝ ነበር። መጻፍ የተማርኩት ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ እንግባባ። የተጣመመ ፊደል ካየሽ እንደ አስተማሪ ቀይ እስኪርብቶ እንዳታነሺ፤ እንደ እህት አንብቢው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ናፍጣ በዚህ ዋጋ እየገዛሽ ወፍጮውን ያለ እህል ታስነሻለሽ ይላሉ፤ እውነት ነው ወይ? ለምን አንሸጠውም?» ብለሻል። ይሄን ወሬ ከገሱባ አርባ ምንጭ ድረስ ማን እንዳመጣልሽ አልጠይቅሽም፤ ወሬ ናፍጣ አይፈልግም፣ በእግሩ ይደርሳል። ድርሻ ያለሽ ሰው ነሽና መልስ ይገባሻል። አዎ፣ እውነት ነው። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ አንቺም ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

መቼም አትረሺውም፣ ወንድምሽ ከደርግ ጦር ባዶ እጁን ሲመለስ የታንክ ሞተር ከመጠገን በቀር ሌላ ሙያ አልነበረውም። አንቺ ከደሞዝሽ እየቆጠብሽ ያስቀመጥሽውን አመጣሽ፣ እኔ ሁለቱን ላሞቼን ሸጥኩ፣ እሱ እጁንና ጭንቅላቱን አዋጣ። ሰው ሁሉ «ቡና ነግዱ፣ ሶዶ ላይ ሱቅ ክፈቱ» ሲለን እሱ ሳቀ። «ሰው ልብስ ሊተው ይችላል፣ ስኳር ሊተው ይችላል፣ መብላት ግን አይተውም፤ መብላት ካልተወ ማስፈጨት አይተውም» አለ። ልክ ነበር። የተሳሳትነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሞተሩ ናፍጣ እንደሚጠጣ እናውቃለን። ናፍጣው በየት አገር በኩል እንደሚመጣ፣ በዚያ በኩል ያለው በር አንድ ቀን ሊዘጋ እንደሚችል ግን ማን አሰበ? ባድመ የሚባል ቦታ መኖሩን ገሱባ ላይ ሆኖ ማን ያውቅ ነበር?

ጦርነት ሩቅ ነው ይላሉ። እኛ ቤት በሁለት በር ነው የገባው። በአንደኛው ወንድምሽን ጠርቶ ወሰደ፤ ታንክ የሚያውቅ የድሮ ወታደር ይፈለጋል ተብሎ፣ ሄደ። በሁለተኛው በር የገባው በናፍጣ በርሜላችን ውስጥ ነው። የአሰብ መንገድ ቆመ፣ ነዳጁ በጅቡቲ ዞሮ ይመጣል አሉን። መጀመሪያ ትንሽ ጨመረ፤ «ያልፋል» አልን። ከዚያ ደግሞ ጨመረ። በሬዲዮ የዓለም ዋጋም ወጥቷል ብለው አወሩ። ሶዶ ማደያው ደጅ መኪናው ተሰልፎ ይውላል፤ የጭነቱ ዋጋ፣ የአውቶቡሱ፣ የሳሙናው፣ የጨው ዋጋ ሁሉ አብሮ ተነሳ። እኔም ሳልወድ በጣሳ ላይ ሳንቲም ጨመርኩ። ሴቶቹ አልተቆጡኝም፤ የሚያመጡትን ብቻ ቀነሱ። ግማሹን እኔ ጋ ያስፈጫሉ፣ ግማሹን ቤታቸው በድንጋይ ይፈጫሉ። በልጉም ዘንድሮ ከዳን፤ ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ደረቀ፣ በቆሎው አልያዘም። ያቺ ሰው መብላት አይተውም ያልናት ነገር እሷም እንዳሰብናት አልሆነችም። አንድ ጣሳ የማይሞላ በቆሎ በራሷ ላይ ተሸክማ የምትመጣ ሴት ሳይ ዋጋ መጥራት ያሳፍረኛል።

ይሄ የንግዱ ነገር ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን አንቺ ሳትጽፊልኝ ወፍጮውን እሸጠው ነበር። እኔ ላም ሸጬ የገዛሁ ሰው ነኝ፣ ኪሳራ ሲመጣ ከሩቅ አየዋለሁ።

ያቺን ቆርቆሮ ታስታውሻታለሽ? ወንድምሽ ከአሮጌ የዘይት ጣሳ ቆርጦ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያሰራትን? ሞተሩ ሲነሳ «ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ» እያለች ገበያውን ተሻግራ እስከ ማዶ ጋራ ትሰማለች። አንቺ «ምን ይጮሃል ይሄ፣ ጆሮዬ!» ብለሽ ከእሱ ጋር የተጣላሽባት። እሱ ደግሞ «ይሄ ማስታወቂያ ነው፤ ሶዶ ላይ በቀለም ይጽፋሉ፣ እኛ በጢስ እንጽፋለን» አለሽ። እውነትም ሰዉ ሰዓቱን በእሷ ነው የሚያውቀው። እሷ ከጮኸች ወፍጮ አለ፣ እህሉን አንስቶ ይመጣል። ዝም ካለች ቤቱ ሐዘን ገብቷል ማለት ነው። አባታችሁ ያረፉ ጊዜ ማንንም አልላክንም፤ ጠዋት ሞተሩን ሳናስነሳ ስንቀር አገሩ ሁሉ እንጨቱንና ድንኳኑን ተሸክሞ ራሱ መጣ።

ወንድምሽ ሲሄድ ስለ ሌላ ነገር ብዙ አልተናገረም። የሞተሩን ነገር ግን ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ። «ናፍጣ ጨርሰሽ አታስቁሚው። ባዶውን ከቆመ አየር ይገባዋል፤ አየር ከገባው እኔ ሳልኖር አይነሳልሽም» አለኝ። ከዚያ የትኛውን ብሎን እንደማላላ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ እንዴት እንደምጠብቅ አሳየኝ። እኔ ደግሞ «ስለ ሞተር ትነግረኛለህ እንዴ!» ብዬ ተቆጣሁት። አሁን ያቺን ቁጣዬን ባልተቆጣኋት እላለሁ። እሱ ግን ፈገግ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

የመጨረሻው ደብዳቤው ለፋሲካ ነው የደረሰኝ። ለአንቺም ያኔ ገልብጬ ልኬልሻለሁ። ከዚያ ግንቦት ላይ ሬዲዮው ድል ድል አለ፣ ሰኔ ላይ ተኩስ ቆመ አለ፣ አልጀርስ ላይ ይነጋገራሉ አለ። እኔም በየቀኑ ከሶዶ የሚመጣውን መኪና ማየት ጀመርኩ። ገሱባ የወረደ ወታደር አለ፤ የማዶው ልጅ አንድ ዓይኑን በፋሻ ሸፍኖ መጣ። ስለ ወንድምሽ ልጠይቀው ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ቆማ «ተኝቷል» አለችኝ። በማግስቱም ተኝቷል። ሰው ሲደክመው ይተኛል ብዬ ተውኩት።

ስለ ወንጌላዊ ሻንቆም ልከስልሽ ነበር። ከእሑድ ጸሎት በኋላ የዘማቾችን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ያስጸልየናል። ሰኔ ውስጥ አንድ እሑድ የወንድምሽን ስም ዘለለው። ሰው ነው፣ ይረሳል አልኩ። የሚቀጥለው እሑድም ዘለለው። ደጅ ላይ ያዝኩትና «ወንጌላዊ፣ የእኔን ባል ከወረቀትህ ላይ ዝናብ አጠበብህ?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ጌታ ስሙን ያውቀዋል እህቴ» አለኝ። ጌታ የሁሉንም ስም ያውቃል፤ ታዲያ የሌሎቹን ለምን ይጠራል? ያን ቀን ተናድጄ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ዝናቡ መንገዱን በልቶት ከሶዶ ናፍጣ የሚያመጣልኝ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ያለችኝን እየቆጠብኩ ጠበቅሁ፤ አልበቃችም። ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለና ቆመ፤ ወንድምሽ ያለው ደረሰ፣ አየር ገባው። በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤት የተበደርኩትን ጀሪካን ይዤ ወፍጮ ቤት ገብቼ ብሎኑን እየፈታሁ፣ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኖ፣ ደጅ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ።

ብወጣ ግማሹ ገሱባ ደጄ ላይ ቆሟል። ጎረቤቴ አስካለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት። ወንጌላዊ ሻንቆ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን እንጨት በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሸራውን ደግሞ አህያ ላይ ጭነው። አስካለች እጇን ራሷ ላይ አድርጋ አፏን ከፍታ ነበር፤ እጄ ጥቁር ሆኖ መፍቻ ይዤ ስታየኝ እጇን ቶሎ አወረደች።

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።

ሻንቆ «ወፍጮው ዝም ሲል… አሞሽ ይሆናል ብለን ነው» አለ። «ለታመመ ሰው ድንኳን ይተከላል?» አልኩት። እንጨት ከተሸከሙት አንዱ «እኛ ነገሩን ሰምታለች ብለን…» ሲል ሌላው በክርኑ ወጋው። እኔም ያን ቃል እንዳልሰማሁ ሆንኩ። «ናፍጣ ነው ያለቀው፤ ናፍጣ አልቆ የሞተ የለም፣ ግቡ» አልኳቸው። ገቡ። ያደረ የቦዬ ሥር ቅቅል ነበረኝ፣ በቃሪያ ዳጣ አቀረብኩላቸው። ሐዘን ሊቀመጥ የመጣ ሰው ቁርስ በልቶ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? በሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው። አስካለች እንባዋ ጠብ ጠብ ሲል «ጢሱ ነው» አለችኝ። እሳት እንኳ አላነደድኩም ነበር።

እኔ አልጠየቅኳቸውም እህቴ። እነሱም አልነገሩኝም። አመስግነው ወጡ፣ በሬን ዘግቼ ወደ ሞተሩ ተመለስኩ። ብሎኑን አላላሁ፣ አረፋው ወረደ፣ ወረደ፣ ንጹሑ መጣ። የማስነሻ ብረቱን ይዤ አዞርኩ፤ አልተነሳም። እንደገና አዞርኩ። ክንዴ እስኪዝል አዞርኩ፣ እያለቀስኩ ነው የማዞረው፣ ለምን እንደማለቅስ ለራሴም አልነገርኩትም። ሲነሳ ያቺ ቆርቆሮ «ቱፍ» አለች። በመስኮት ሳይ የእድሩ ሰዎች ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ ቆመው ወደ ኋላ ተመለከቱ። ከዚያ እንጨቱን ወደ እድሩ ቤት አልመለሱትም፣ በአስካለች ቤት ግድግዳ ላይ አስደገፉት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ከመስኮቴ ይታየኛል።

በሳምንቱ የሻንቶው ነጋዴ አቶ ቦልቴ መጣ፣ ወፍጮውን ሊገዛኝ። በግማሽ ዋጋ። «ናፍጣ ገና ይወደዳል፣ ሳትከስሪ ሽጪልኝ» ይለኛል። «የሚወደድ ከሆነ አንተ ምን ልታደርግበት ነው? ባዶ ቅርጫት ልታስፈጭበት ነው?» አልኩት። ሰውየው ብልጥ ነው፤ እርቁ ሲፈረም መንገዱ ይቀላል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ያኔ ወፍጮ ያለው ሰው ያተርፋል ብሎ ነው። ያን ሂሳብ እኔም አውቀዋለሁ፤ በጦርነት የሚሸጥ ይከስራል፣ እስከ ሰላም የቆየ ያተርፋል። አልሸጥም ስለው «አንቺ ሴት ነሽ፣ ብቻሽን ቀርተሽ ይሄን ብረት ምን ታደርጊዋለሽ» አለኝ። አስካለች ከኋላው ቆማ የኮቱን ጫፍ ጎተተችው። እሱም ቀዩ ፊቱ ጠቆረ፣ ጃንጥላውን አንስቶ ሄደ።

አስካለችን ታውቂያታለሽ፤ ያቺ ወሬኛ፣ ያቺ ሳቋ ከወፍጮው የሚበልጥ። አሁን በየቀኑ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። ስለ ዝናብ ታወራኛለች። ዓይኔን አታይም። ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ብቻሽን መሆን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ቤቴል ብትኖር ብዬ አሰብኩ። ሁልጊዜ ለክረምት ትልኪልኝ ነበር፤ ዘንድሮ «ትንሽ አሟታል፣ የክረምት ትምህርትም አለባት» አልሽኝ። አልተቀየምኩሽም። ልጅ ሰው ፊት ላይ ያየችውን መደበቅ አትችልም።

አንቺም እህቴ፣ በየደብዳቤሽ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ «ስለ ወንድሜ የሰማሽው ነገር አለ ወይ?» ብለሽ ነበር። በዚህኛው አልጠየቅሽኝም። ሁለቴ አነበብኩት፣ ጀርባውንም አየሁ። መጨረሻው ላይ ብቻ «በነሐሴ ማብቂያ ከአጎቶቼ ጋር ልንጠይቅሽ እናስባለን» ብለሻል። አጎቶችሽ በሠርጋችን ጊዜና አባታችሁ ሲያርፉ ነው እኔ ቤት የመጡት። ሁለት ጊዜ። እንኳን በዚህ ጭቃ፣ በበጋም ከቤታቸው የማይወጡ ሰዎች ናቸው።

አትምጪ። እባክሽ በነሐሴ አትምጪ። ሌላ ነገር ለምኜሽ አላውቅም፤ ይሄን አንዱን እሺ በይኝ።

ጥጃዋን ሸጥኩ፤ እሱንም ሰምተሽ ከሆነ እውነት ነው። ሶዶ ራሴ ሄጄ፣ ነዳጅ ደብቆ ከሚሸጥ ሰው በጠየቀኝ ዋጋ፣ ሳልከራከር፣ አንድ በርሜል ገዛሁ። እኔ ሳልከራከር ስገዛ ብታዪኝ ታምሚያለሽ። ጠዋት ጠዋት አስነሳዋለሁ፤ እህል ቢመጣም ባይመጣም ለትንሽ ጊዜ ይጮሃል። እሱ ሲጮህ ማንም በደጄ ድንኳን ይዞ አይመጣም። ሻንቆም መጽሐፉን ይዞ ያልፋል፣ እጁን አንስቶ ሰላም ይለኛል። ይሄ ቤት ባለቤቱን የሚጠብቅ ቤት ሆኖ አንድ ቀን ይጨምራል። ኪሳራ ነው ትይኛለሽ። ኪሳራ ነው፤ ድርሻሽን እየበላሁብሽ ነው፣ እመልስልሻለሁ። ግን በዕድሜዬ ከገዛሁት ነገር ሁሉ እንደዚህ ናፍጣ የረከሰብኝ የለም።

የጊፋታ ቅቤዬን አልነካሁም። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ የጣልነው የቅቤ ዕቁብ የእኔ ዕጣ ወጥቷል፤ ማሰሮው ሙሉ ነው፣ ለቤቴል ነው ያስቀመጥኩት። በጊፋታ፣ በአዲስ ዓመታችን ልጆቹ እየዘፈኑ በደጄ ሲያልፉ ዝም ያለ ቤት እንዳያዩ እፈልጋለሁ። በርሜሉን በዱላ ለካሁት፤ ጊፋታን ያሳልፈኛል፣ ከዚያ ብዙም አይሄድም። ሌላ አልገዛም። ቢረክስም አልገዛም።

ሲያልቅ ወፍጮው በራሱ ጊዜ ዝም ይበል። አስካለች ሰው ትልክብሻለች፤ ያኔ ቤቴልን ይዘሽ ነይ። አጎቶችሽም ይምጡ። በጠዋት ብትመጡም በሩ ክፍት ነው፤ ነጠላሽን ለምን እንደዚያ እንደለበስሽ አልጠይቅሽም። ያን እንጨትም ከግድግዳው ያንሱት፣ አልከለክላቸውም። ልጄ ግን እስከዚያ ከማንም ምንም እንዳትሰማ፤ የምትሰማውን እኔ ጎን ተቀምጣ፣ እጇን ይዤ ትስማ። ወፍጮውን ለቦልቴ እንሽጠው ወይ እናቆየው፣ ከዚያ በኋላ አብረን እንመክራለን። ቆርቆሮዋን ግን በምንም ዋጋ አልሸጥም።

ጌታ ከጎርፍና ከመንገድ ይጠብቅሽ። ያስተማርሻቸው ልጆች ያክብሩሽ፣ እጅሽ ጎድሎ አይደር፣ ራስ ምታትሽንም ያንሳልሽ። ቤቴልን እኔ የምስማትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አባቷ የሚስማትን ግንባሯንም አትርሺ።

ስሜን አልጽፍም፣ ታውቂዋለሽ። ይሄኛውን ነው የምጽፈው፤ እስከ ጊፋታ ድረስ በዚህ ጥሪኝ።

የወንድምሽ ሚስት